መምህሬን «ይመለስ» ማለት

ብዙ ሰው ተራርቆ አንድ ፕሮግራም አብሮ የሚሠራበት ድረ ገጽ አለ። አንዱ እንጅባራ፣ አንዱ ዳንግላ፣ አንዱ ደግሞ የት እንዳለ የማይታወቅ ባሕር ማዶ ይሆንና፣ የአንዱን ጽሑፍ ሌላው ያያል፣ ያርማል፣ ይጨምርበታል። ይኸው ድረ ገጽ «ምን እንድንጨምርላችሁ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅበት ቦታም አለው። ገብቼ የዓለም ሕዝብ የሚለምነውን አነበብኩና ቀናሁ። አንዱ ገጹ ጥቁር ይደረግልኝ፣ ነጩ ዓይኔን ወጋኝ ይላል። ሌላው የድመት ሥዕል ይጨመርልኝ ይላል። አንዷ ፊደሉ ትንሽ ቀጠን ይበልልኝ ብላ ገጽ ሙሉ ጽፋለች። እህቴ፣ ምነው ችግርሽን ለእኔ በሰጠኝ!

የእኔን ልመና እዚያ እንዳልጽፍ እንግሊዝኛዬ ከሰላምታ አያሳልፈኝም። ስለዚህ ለእናንተ ልንገራችሁ። ባትጨምሩልኝም ታዝኑልኛላችሁ።

እኔ እንጅባራ ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ፕሮግራም መጻፍን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ደንበኛ ሲጠፋ ከማዛጋት ብዬ ነው የጀመርኩት፤ የእንጅባራ ክረምት ደግሞ ለሚያዛጋ ሰው ጊዜ አይነፍግም። ዝናቡ ሲጀምር ሰው ሁሉ ቤቱ ይከተታል፣ እኔና ኮምፒውተሬ እንፋጠጣለን።

የሰፈራችን እድር አንድ ትልቅ ድንኳን አለው። ድንኳኑን ከነቀርከሃ ምሰሶው የሚጠብቁት አያ ሙላት ናቸው። ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ግን ሰፈር ሰፈር ነውና «ለሙላት ዘመድ ድንኳኑ ቶሎ ይደርሳል፣ ለሌላው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው» የሚል ሐሜት ተነሣ። አያ ሙላት አኮረፉ፤ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ሲያኮርፍ ደግሞ ሰላምታ ሳይቀር ይቆጥባል። በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ፕሮግራም ትጽፋለች ይሉሻል። እውነት ነው?»

«እሞክራለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ለዚህ ድንኳን ዘመድ የሌለው ነገር ሥሪልኝ።»

ሠራሁ ከምል ሠራን ልበል። ሦስት ነን። አንደኛው ሰዒድ ነው፤ ቤተሰቦቹ ገበያው ዳር ላስቲክ፣ ገመድና ባልዲ ይሸጣሉ፤ እሱም እንደ እኔ በማዛጋት የተማረ ነው። ሦስተኛው መምህር ጥሩነህ ናቸው። ልጅ ሆኜ ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ዳንግላ የሚኖሩ። ሴት ልጃቸው ላፕቶፕ ሰጠቻቸውና ከእኔም ከሰዒድም ፈጥነው ለመዱት። ፕሮግራሙን የምሠራው የድሮ ተማሪያቸው እንደሆንኩ ሲያውቁ «እኔንም አስገቡኝ» አሉ። እንዴት እንቢ ይባላል?

ዳኛው አጥብቀው ያዘዙት አንድ ነገር ብቻ ነው። የእድሩ ሳጥን ሦስት ጓጉንቸር አለው፤ መክፈቻው ሦስት ሰው ዘንድ ተከፋፍሎ ይቀመጣል፤ አንዱ ከቀረ ሳጥኑ አይከፈትም። «ይህም እንደዚያ ይሁን፣ ማንም ብቻውን እንዳይነካው» አሉ። ድረ ገጹ ውስጥ ብፈልግ አገኘሁት፤ አንዱ የጻፈውን ሌሎቹ ሁለቱ አይተው ካላሳለፉት አይገባም የሚል ማዘዣ አለው። የሦስት ጓጉንቸር ነገር ባሕር ማዶም ይታወቃል ለካ ብዬ ኮራሁ። ኩራቴ ብዙ አልቆየም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ጽሑፍ ሲመጣላችሁ ሁለት የሚጫን ነገር ይቀርብላችኋል። ወደ እኛ ቋንቋ ብንመልሰው አንዱ «ይለፍ»፣ ሌላው «ይመለስ» ነው። በቃ፣ ሌላ መንገድ የለም። «ይመለስ» ስትሉ ደግሞ በሰውየው ስም አጠገብ ቀይ ምልክት ይደረጋል። ቀይ! ዕድሜያቸውን ሁሉ በሰው ደብተር ላይ ቀይ ሲያሰምሩ የኖሩ መምህር ስም ላይ፣ እኔ፣ ያኔ ማካፈል አቅቶኝ በመስኮት ዝናብ ስቆጥር የነበርኩት፣ ቀይ ላስምር?

የመምህር ጽሑፍ ሲመጣ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ ማንም አያየኝም፣ ግን ብድግ እላለሁ። «ይለፍ» እጫናለሁ፣ ከዚያ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ሳነብ ቆይቼ ነበር የማሳልፈው። በኋላ ማንበቡንም ተውኩት። ካነበብኩ ስሕተት ላገኝ እችላለሁ፤ ስሕተት አይቶ ዝም ማለት ደግሞ ኃጢአት ነው። ያላየ ሰው ምን ኃጢአት አለበት? ይህን ፍልስፍና ያወጣሁት ብቻዬን ነው፣ ማንም አላገዘኝም።

ሰዒድ ይስቅብኛል።

«መምህር ቢያስነጥሱበት ይለፍ ትያለሽ። እኔ አንዲት ሰረዝ ስረሳ ግን ጣራ ትነኪያለሽ።»

«አንተ ታናሼ ነሃ!»

«ስንት ብታበልጪኝ ነው? አንድ ክረምት!»

«ክረምት ክረምት ነው። አርምና መልስ።»

እንግዲህ የመጀመሪያ ልመናዬ ይህ ነው፦ ለታላቅ ሰው ሦስተኛ ነገር ይጨመርልኝ። «ይቅርታ መምህር፣ እኔ ሳይገባኝ ቀርቶ ይሆናል፣ ጊዜ ሲያገኙ አንዴ ቢያዩልኝ» የሚል። ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ገጹ ግን ሰፊ ነው፣ ለድመት ሥዕል የሚሆን ቦታ ካለው ለእኔም አያጣም።

ሁለተኛም አለኝ። ሁለት ሰው አንድ መስመር ላይ የተለያየ ነገር ከጻፈ ድረ ገጹ ቀጥ ይልና «የማንን ልያዝ? የማንን ልጣል?» ይላል። አንድ ጊዜ ሰዒድና መምህር ተገናኙበት፤ መራጯ እኔ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሁለቱን ለየብቻ ቀስ አድርጎ የሚያናግር ሽማግሌ ይፈለጋል እንጂ በአደባባይ «ያንተን ጣልኩት» ይባላል? ሽማግሌ የሚላክበት ቦታ ብፈልግ የለም። የሰዒድን ጣልኩ። ሰዒድም አንድ ሳምንት ሱቄ በር ላይ ሲያልፍ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ አለፈ።

ደግሞ ድረ ገጹ በስማችሁ ሥር የሚደረድራት ያች አረንጓዴ ካሬ! ለሠራችሁበት ቀን ትበራለች፣ ላልሠራችሁበት ባዶውን ትተወዋለች። የእኔን ነሐሴ ብታዩት በረዶ የመታው ማሳ ይመስላል። መብራት አልነበረም፣ ኔትወርክ አልነበረም፣ ለቅሶ ነበረብኝ፤ ይህን የሚያሳይ ቀለም የላትም። ባሕር ማዶ ያለው ሰው ግን አይቶ «ይህች ሴት ምን ያህል ብትተኛ ነው!» ይለኛል።

ወደ ጉዴ ልመለስ። ፕሮግራሙ ያለው አያ ሙላት ስልክ ላይ ነው። ሐዘን የደረሰበት ሰው ሲመጣ ስልኩን ያያሉ። ድንኳኑ ግምጃ ቤት ካለ «አለ» ይላል፤ ከወጣ «የለም» ይላል። አያ ሙላት «አለ» ሲል ይሰጣሉ፣ «የለም» ሲል አይሰጡም። ሐሜቱም ጠፋ፤ አያ ሙላትም ሰላምታ ጀመሩ። እኔም ሰፈር ውስጥ ስሄድ አንገቴ ቀና ብሎ ነበር፤ አልዋሽም።

በዚህ መሐል መምህር አንድ ጭማሪ ላኩ። እንደ ልማዴ ብድግ አልኩ፣ «ይለፍ» አልኩ፣ ቁጭ አልኩ። ሰዒድም «አንቺ ካሳለፍሽው እኔ ማን ነኝ» ብሎ አሳለፈው። አብረን ሞተናል ማለት ነው፣ አላወቅንም እንጂ።

ነሐሴ ላይ ነው፣ ሌሊቱን ሲጥል ያደረ ዝናብ ጧትም አልተወም። ጡሩንባ ተነፋ። የጎረቤቴ የእትዬ ብርቄ ባል አርፈዋል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁ። ግቢያቸው ጠባብ ነው፤ ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶ ውጭ ፈስሷል፣ የቆመው ሁሉ ይበሰብሳል። ወንዶቹ ድንኳን ሊያመጡ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄዱ። ቆዩ። ከዚያ አንዱ እየሮጠ መጣና «አንቺን ይጠሩሻል» አለኝ።

ስደርስ አያ ሙላት በሩ ላይ ቆመዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጀርባቸው ድንኳኑ ተጣጥፎ ተቀምጧል፣ ቀርከሃው ተደርድሯል። አያ ሙላት ስልካቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«የለም ይላል» አሉ።

«አያ ሙላት፣ ይኸው እኮ ከጀርባዎ!»

«አያለሁ።»

«ታዲያ ይስጧቸዋ!»

«ልጄ፣ እኔ በዓይኔ እያየሁ ስሰጥ ምን ተባልኩ? ለዘመዱ ያደላል ተባልኩ። ዓይኔን ትቼ ይህን እንድይዝ ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ። ይኸው፣ የለም ይላል፤ እኔም የለም እላለሁ።»

አንዱ ጎረምሳ በጎናቸው አልፎ ድንኳኑን ሊነካ ሞከረ። «የሌለ ነገር እንዴት ትነካለህ?» ብለው ገፈተሩት። ሰው ሊስቅ ፈልጎ ለቅሶ መሆኑ ትዝ እያለው ዋጠው።

ፕሮግራሙን ከፍቼ አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመምህርን ጭማሪ አነበብኩት። ድንኳን የወሰደ ሰው «መልሻለሁ» ብሎ በራሱ ስልክ ካላረጋገጠ ድንኳኑ ተመልሷል ተብሎ አይቆጠርም ይላል። ለጥንቃቄ ነው፤ ሐሳቡ መልካም ነው። መጨረሻ የወሰደው ሰውዬ ግን ድንኳኑን በትከሻው ተሸክሞ፣ አጣጥፎ፣ አመስግኖ ከመለሰ በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ አዘና ወደምትባል ከተማ ሄዷል። ስልኩ ቢደወል ዝግ ነው። 

ዳኛው ጃንጥላ ይዘው ደረሱ። ነገሩን ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዘመድ የሌለው ነገር ሥሪ አልኩሽ እንጂ ርኅራኄ የሌለው አላልኩሽም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ በቃልዎ ይዘዙና ይውጣ። እኔ በኋላ አስተካክላለሁ።»

«ዛሬ በቃሌ ካስወጣሁ ነገ ደግሞ ዳኛው አደላ ይባላል። ሕጉን ያወጣነው ለዚህ አይደል? ከቀብር እስክንመለስ አስተካክዪ። ካልሆነ ግን ፕሮግራምሽን ይዘሽ ወደ ሱቅሽ፣ እኛም ወደ ድሮ ንትርካችን።»

ሱቄ ሮጥኩ። ማስተካከሉ የአንዲት መስመር ጉዳይ ነው፤ የመምህርን መስመር ሰርዤ ላክሁ። ሰዒድ ወዲያው «ይለፍ» አለ። መምህር ዝም። ደወልኩ፣ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፣ አይሠራም። ድረ ገጹ ደግሞ «ሌላ ሰው እየተጠበቀ ነው» ይለኛል፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ ዝናብ ላይ የቆመው እሱ አይደለም።

ሦስተኛ ልመና፦ ዝም ያለ ሰው ለምን ዝም እንዳለ ይነገረኝ። እንቢ ብሎ ነው? ተኝቶ ነው? ዳንግላ መብራት ጠፍቶ ነው? አራተኛ ልመና፦ ውክልና። እድር ላይ ያልተመቸው ሰው መክፈቻውን ለልጁ ይሰጣል፤ እዚህ ግን ሰውየው ራሱ ጣቱን ይዞ ካልመጣ አይሆንም።

ሰዒድ ከሱቃቸው ትልልቅ ላስቲክ ተሸክሞ መጣ።

«በዚህ እንይዘዋለን፣ አንቺ ሂጂ።»

«የት?»

«ዳንግላ ነዋ! መምህር ዘንድ።»

«ሄጄስ ምን እላቸዋለሁ?»

«ተሳስተዋል በያቸው።»

«አንተ ሂድና በላቸው!»

«እኔን አላስተማሩኝም፤ ከተማሪያቸው ቢሰሙት ይሻላል» አለና የላስቲኩን ጫፍ ይዞ እየጎተተ ሄደ። አባቱ ከኋላው «ያ ላስቲክ ሳይቀደድ ይመለሳል ወይ?» ብለው ሲጮኹ ይሰማኛል።

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ የምለውን አጠናሁ። ዳንግላ ስደርስ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። መምህር ቤት ከትናንት ጀምሮ መብራትም ኔትወርክም የለም፤ ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። እሳቸው መስኮት ሥር ወረቀት ላይ ሒሳብ ይሠራሉ። ሲያዩኝ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ቅቅል ድንች ከዳጣ ጋር አቀረቡ። በላሁ። ጤና ጠየቅሁ። የዝናቡን ነገር አነሣሁ። ድንች ደገምኩ።

«ምነው፣ ደህና ነው የመጣሽው?» አሉ መምህር።

«ደህና ነው። ጎረቤታችን አርፈው ነው። ድንኳኑ… ፕሮግራሙ ትንሽ…»

«ትንሽ ምን?»

«ትንሽ ደከመው።»

«ፕሮግራም ይደክመዋል እንዴ?»

«እንግዲህ በዚህ ብርድ…»

መምህር እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው ያዩኝ ጀመር። እትዬ የሺ ሳህኑን ወደ እኔ እየገፉ ሳቁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱ ተሳስተሃል እያለችህ እኮ ነው! ለምን ድንቹን ታስፈጃታለህ?»

 መምህር መነጽራቸውን አወለቁ።

«እውነት ነው?»

«አዎ መምህር።»

«የቱ ጋ?»

ነገርኳቸው።  «እውነትም! ስልኩ የተዘጋ ሰው እንዳለ አላሰብኩም» አሉ። አልተቆጡም። እኔ ግን ገና አልተረፍኩም።

«ለመሆኑ ስታሳልፊው አንብበሽው ነበር?»

«አላነበብኩትም።»

«ገምቻለሁ። አንዳንዴማ ሆን ብዬ ስሕተት እተውልሽ ነበር፤ ታገኘው እንደሆን ብዬ።»

በሉ ፍረዱኝ! ፈተና ላይ ነበርኩ ለካ፣ ፈተና መሆኑን ሳላውቅ!

«መምህር! ስንት ነው የተዉት?»

«አትደንግጪ፣ ትንንሽ ናቸው። ይህ የድንኳኑ ግን የፈተና አይደለም፣ የራሴ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጡረታ ስወጣ ጋቢ አልብሰው፣ አጨብጭበው ሸኙኝ። ከእናንተ ጋር ስጀምር እንደገና ሥራ ያዝኩ ብዬ ነበር። የላክሁት ሁሉ ሳይነካ ሲያልፍ ጊዜ፣ ይችም ጋቢ አለበሰችኝ አልኩ።»

 እኔ አከበርኳቸው ብዬ ብድግ ቁጭ ስል፣ እሳቸው ዳንግላ ተቀምጠው የሚያርማቸው ይጠብቃሉ። እትዬ የሺ ጃንጥላውን አመጡ። መምህር «ተነሺ፣ ሐዘንተኛ አይጠበቅም» አሉ፤ ስልካቸው ስለሞተ በእኔ ስልክ ሊያሳልፉት አብረውኝ ሚኒባስ ተሳፈሩ።

መንገድ ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ ስልኬ ኔትወርክ ያዘ። ከከተማው ስንወጣ ደግሞ ይጠፋል። ሾፌሩን ለምነን ቆመ። መምህር በስማቸው ድረ ገጹ ገብተው እርማቴን አዩ። ከዚያ ስልኩን መልሰው ሰጡኝ።

«ምክንያቱ የት አለ? ዝም ብሎ መስመር ይሰረዛል? ጻፊበት።»

ጻፍኩ። ጮክ ብለው አነበቡት። «ምናልባት መምህር ከጥንቃቄ ብዛት የተነሣ ትንሽ… ይህ ምንድን ነው? ምናልባትን አጥፊ። ትንሽንም አጥፊ። ስሕተት ከሆነ ስሕተት ነው በይ።»

ከኋላ ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ «ምን አጥፍታ ነው ልጅቱ?» አለች።

«መምህሬን ተሳስተዋል ብለሽ ጻፊ እያሉኝ ነው።»

«በስመ አብ! እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?»

«ከተሳሳተማ ይጻፍ» አሉ አንድ አዛውንት። «እኔን ማንም ሳይነግረኝ ነው እዚህ የደረስኩት።»

«ቢሆንም ለብቻው ይነገራል እንጂ» አለች ባለ ዶሮዋ። ሚኒባሱ ለሁለት ተከፈለ። በአማርኛ የጀመረው ክርክር ወደ አገውኛ ተሻገረ፣ ዶሮዋም ሐሳቧን ሰጠች። ሾፌሩ ዞሮ ጮኸ።

«ሐዘንተኛ ዝናብ ላይ ነው አላላችሁም? ተሳስተዋል ይባሉና እንሂድ!»

ዓይኔን ጨፍኜ ጻፍኩ። «ይህ መስመር ስሕተት ነው። ድንኳኑ ግምጃ ቤት ከገባ ተመልሷል።» መምህር አነበቡ። እንደ ድሮው፣ ደብተር ሲመልሱ እንደሚያደርጉት፣ አንገታቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁና «ይለፍ» ተጫኑ።

ብዙም ሳይቆይ ሰዒድ ደወለ። «አያ ሙላት ስልኩን አይተው "አለ!" ብለው ጮኹ። እንዲህ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። ድንኳኑን ከፊት ሆነው የተሸከሙት ራሳቸው ናቸው።»

እንጅባራ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ከቀብር የተመለሰው ሰው ሁሉ ገብቶ ተቀምጧል። ዳኛው መምህርን አጠገባቸው አስቀመጡ። እኔ ወደ ሴቶቹ ሄጄ እትዬ ብርቄ እግር ሥር ቁጭ አልኩ። ቀኑን ሙሉ በላስቲክ ሥር ውለው ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ረጥቧል። 

«እትዬ፣ በእኔ ጥፋት ነው። ድንኳኑ ቤት ውስጥ እያለ የለም ብሎ…»

እትዬ ብርቄ ያበጠ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩኝ።

«ባሌም እንዲሁ ነበር» አሉ። «ሰው ሲመጣበት ጓዳ ገብቶ "የለም በዪ" ይለኛል። ሳሉ እስከ በር እየተሰማ እኔ የለም እላለሁ። ዕድሜ ልኬን በእሱ ምክንያት ስዋሽ ኖርኩ።»

ከጎናቸው ያሉት ሴቶች አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። እትዬ ብርቄ ወደ ቤታቸው በር አዩ።

«ዛሬ ግን የለም ስል እውነተኛ አደረገኝ።»